የአባት ግንብ

ቱንቢ አባቱን ቀብሮ ከተመለሰ ገና ሰዓት አልሞላውም፣ ሜትሩን ከኮቱ ኪስ መዥረጥ አድርጎ አወጣ። ሐዘንተኛው ወንበር ላይ ተደርድሮ ይተክዛል፣ ሚስቱ ውሃ በብርጭቆ ታዞራለች፣ እሱ ጥቁር ልብሱን እንደለበሰ መስኮቱ ሥር ተንበርክኮ ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይለካል። ያዩት ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡለት፤ "ምስኪን፣ ሐዘኑ ጭንቅላቱን ነካው" አሉ። ምንም የነካው ነገር አልነበረም። ጭንቅላቱ ድሮም እንዲሁ ነበር።

ቱንቢ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ቱንቢ ማለት ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ በሲባጎ የሚንጠለጠል ሹል ብረት ነው። ስሙን የሰጡት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሰው ቤት ምሳ ቢጠሩት ግድግዳውን በአንድ ዓይኑ አጮልቆ ሳያይ አይቀመጥም። ሚስቱ፣ "ሊያጨኝ የመጣ ዕለት እንኳ እኔን ትቶ የአባቴን የበር መቃን ነበር የሚያየው፤ ተጣሟል ብሎ ሊያስነቅለው ትንሽ ነው የቀረው" እያለች ታስቃለች። ስታወራው ያስቃል። አብሮት መኖር ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን አመል ያወረሰው አባቱ ነው። አባትዬው በሙያው የተመሰገነ፣ በቤቱ ግን የተፈራ ግንበኛ ነበር። ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ጡብ ማንሳት ከቻሉበት ጊዜ ጀምሮ ጓሮ ውስጥ ጎን ለጎን ያቆማቸውና ሰባት ሰባት ረድፍ ያስገነባቸዋል። ሲጨርሱ ቱንቢውን ይዞ ይመጣል። የአንደኛው ግንብ ከሳተ በእግሩ ይደረምሰዋል፤ ቀጥሎ የልጁን እጅ ጡብ ላይ ያስዘረጋና አንድ ጣት መርጦ በመዶሻ እጀታ ይመታል። "ግንብ አንድ ጣት ከሳተ አንድ ጣት ይከፍላል" ይላል፣ ድምፁን ከፍ እንኳ ሳያደርግ። ሁለት ጣት ከሳተ ሁለት። አንዱ ሲጮህ ሌላው ቆሞ ማየት አለበት፤ ዓይኑን ከጨፈነ ለሱም ይደርሰዋል። ቱንቢ ሦስት የተጣመሙ ጣቶች አሉት፣ ታናሽ ወንድሙ አራት።

ታናሹ ግን ሳቂታ ነበር። ተመትቶ፣ እንባውና ንፍጡ ተቀላቅሎ እንኳ መሃል ላይ ፍርፍር ብሎ ይስቃል። አንድ ቀን አባትዬው መዶሻውን ጣለና የዚህን ልጅ ፀጉር በእጁ ዳበስ አደረገው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በሲሚንቶ እጁ። ቱንቢ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ አሁን አርባ አራት ሆኖታል፣ ያቺ እጅ ግን ካይኑ ላይ አልጠፋችም። የሱን ፀጉር ማንም ዳብሶት አያውቅም።

ቤቱን የሠራው አባትዬው ራሱ ነው፤ አንድ ረጅም የቆርቆሮ ጣራ፣ ከሥሩ ደግሞ ቤቱን እኩል ለሁለት የሚከፍል ግንብ። ይህ ግንብ መለያ ብቻ አይደለም። ጣራውን የተሸከሙት ሁለት ወፋፍራም አግዳሚ ግንዶች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው በብሎን የታሰሩት በዚሁ ግንብ አናት ላይ ነው። ሊሞት ሲል ልጆቹን አልጋው ሥር አስቁሞ፣ "የግንቡ ቀኝ የታላቁ፣ ግራው የታናሹ። እኩል ነው። እናታችሁ የሁለታችሁም ናት" አለ። ከዚያ በኋላ እናትየው አንዱን ሳምንት በቀኝ፣ አንዱን ሳምንት በግራ ልታድር ተወሰነ። እሷን የጠየቃት አልነበረም።

እንግዲህ ያን የቀብር ቀን ቱንቢ በፊት ለፊቱ መስኮት በኩል የራሱን ክፍል ለካ፤ ሦስት ሜትር ከስልሳ አንድ። ወጥቶ፣ በሐዘንተኛው እግር መሃል ተሹለክልኮ የታናሹን ክፍል በዚያው በመስኮቱ በኩል ለካ፤ ሦስት ሜትር ከስልሳ አምስት። ደግሞ ለካ። አራት ሳንቲሜትር፤ ሁለት ጣት።

ሌላ ሰው ቢሆን "ሽማግሌው ተሳስቷል" ብሎ ያልፈው ነበር። ቱንቢ ግን አባቱ ይሳሳታል ብሎ ለማሰብ አልተፈጠረም። በአንድ ጣት ስህተት ጣት የሚሰብር ሰው ሁለት ጣት አይስትም። አውቆ ነው። እኩል ነው እያለ፣ በሆዱ ግን ለታናሹ ሁለት ጣት አስበልጦለታል። ሁለት ጣት ደግሞ መሬት አይደለም፤ ያቺ ፀጉር የምትዳብስ እጅ ናት።

ታናሹን በክንዱ ጎትቶ ወደ ጓሮ አወጣው።

"አባባ ላንተ አስበልጧል።"

"ምን?"

"ሁለት ጣት። ለክቼዋለሁ።"

ታናሹ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ። በቀብር ቀን፣ ዓይኑ በልቅሶ አብጦ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "አንተ ሰውዬ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ትለካዋለህ?" አለ።

ቱንቢ ሜትሩን እንደጨበጠ በቡጢ መንጋጋው ላይ አሳረፈበት። ሜትሩ የብረት ነው። ታናሹ በጀርባው ወድቆ ተነሳና በጭንቅላቱ ሆዱን መታው፤ ተያይዘው በአሸዋው ክምር ላይ ተንከባለሉ፤ ታናሹ የቱንቢን ጆሮ በጥርሱ ያዘ፣ ቱንቢ በአውራ ጣቱ የታናሹን ዓይን ፈለገ። ሐዘንተኛው ወንበር ይዞ መጥቶ ገላገላቸው። ቱንቢ ከጆሮው ጫፍ ቁራጭ ሥጋ ጎደለው፣ ታናሹ ሁለት ጥርስ። እናትየው ዱላዋን ተደግፋ መጣች፣ ጥርሶቹን ከአሸዋው ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸውና ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድማማቾቹ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ዓመት ሞላቸው።

ዓመት ሙሉ ቱንቢ የሰው ቤት ሲገነባ እየዋለ ስለ ራሱ ቤት ሲያስብ ኖረ። ሚስቱ የምታጎርሰውን አያጣጥምም፣ የምትነግረውን አይሰማም፤ ዓይኑ ያ ግንብ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ሚስቱ ገበያ ስትወጣ ቁም ሳጥኑን ገፋ አደረገና መሮና መዶሻ አነሳ።

መጀመሪያ ልስኑን ብቻ ነበር ያነሳው። ልስን ቀሚስ ነው፣ ግንብ አይነካም ብሎ ራሱን አሳመነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጡቡን ጀመረ። ግንቡ የሁለት ጡብ ውፍረት አለው፤ አባትዬው ያስተማረውን ሒሳብ በጭንቅላቱ ሠራ። ከሁለት ጡብ ውፍረት በአንድ በኩል ግማሽ ጡብ ቢነሳለት ግንቡ ጣራውን ይሸከማል፣ ምንም አይሆንም። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ስንት ሰው ያንን ሒሳብ እንደሚያውቅ ግን አላሰበም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከወገቡ እስከ ራሱ ቁመት ያለውን ፈልፍሎ፣ በስስ ልስን ሸፍኖ፣ ቁም ሳጥኑን ይመልሳል። ፍርፋሪውን በሱሪው ኪስ ሞልቶ ሥራ ቦታ ይደፋዋል። ሁለት ጣቱን ያገኘ ዕለት ቁም ሳጥኑ ላይ ጀርባውን አስደግፎ ተቀመጠና አለቀሰ፤ ደስ ብሎት ነው። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህ ታሪክ አይነገርም ነበር። ግን ሰው በልቶ አይጠግብም። "ያን ሁሉ ዓመት ሁለት ጣት አንሼ ኖሬያለሁ፤ አሁን እኩል ብቻ ነኝ። የማንስበት ጊዜ ከነበረ የምበልጥበትም ይምጣ እንጂ" አለ። መሮውን እንደገና አነሳ።

ሲመታ ታዲያ ከግንቡ ውስጥ ቀስ ያለ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይመለስለታል። ሲያቆም ይቆማል፣ ወይም ትንሽ ቆይቶ ይቆማል። የራሴ መዶሻ ነው፣ ጡብ ድምፅ ይመልሳል ብሎ ተወው።

ሚስቱ ያወቀችው ልብስ ስታጥብ ነው። ከሱሪው ኪስ ቀይ ጭቃ ወጣ።

"ኪስህ ውስጥ ጡብ ምን ይሠራል?"

"የሥራ ነው።"

"እናንተ ሥራ ቦታ በብሎኬት አይደል እንዴ የምትሠሩት?"

ሄዳ ቁም ሳጥኑን ገፋችው፣ የተቦረቦረውን ግንብ በመዳፏ ነካችው፣ እጇ ቀይ ሆኖ ወጣ። "አብደሃል" አለችው። "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ከላያችን እኮ ጣራ አለ! አሁኑኑ ሄጄ ለወንድምህ ነው የምነግረው።" ወደ በሩ ስትራመድ ከኋላዋ ሹሩባዋን ያዘ። ጎትቶ ከግንቡ ጋር አጋጫት። አንድ ጊዜ ነው፣ ግን ቅንድቧ ተሰነጠቀ፣ ደሟ በተቦረቦረው ጡብ ላይ ወረደ። እሱ ደሙን ሳይሆን ግንቡን ነበር የሚያየው፤ የተጋጨችበት ቦታ ተሰነጠቀ እንዴ ብሎ። ይህን አየች። ካገባችው አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል፣ እንደዚያን ቀን ግን አውቃው አታውቅም። ለወንድሙም ሳትነግር ቀረች። አንድ ቀን ወጥታ የምትሄድበትን ልብስ በሻንጣ መሰብሰብ የጀመረችው ያኔ ነው።

የእሑዱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ። እናትየው በዚያ ሳምንት ተራዋ ታናሹ ጋር ነበር፤ ወገቧን አሟት ከግንቡ ራቅ ብሎ በተዘረጋው አልጋ ላይ ተኝታለች። የቱንቢ ሚስት ደጅ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። ከእንግዲህ መደበቅ ስለቀረ ቱንቢ ቁም ሳጥኑን ጎትቶ መሃል ቤት አቁሞታል። መሮውን በደረቱ ልክ አስደገፈና በመዶሻው መታው።

መሮው እስከ እጀታው ጥልቅ አለ። ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ። ቱንቢ ደነገጠ። ሲስበው አንድ ሙሉ ጡብ ተከትሎት ወጣና እግሩ ላይ ወደቀ። ቀዳዳው ብርሃን ሆነ። በብርሃኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ፊት አለ፤ በቀይ አቧራ የተለበጠ፣ ሁለት የፊት ጥርስ የሌለው፣ እጁ ላይ መሮ የያዘ።

ማንኛቸውም ማን ማንን እንደያዘ አላወቁም።

"ሌባ!" አለ ቱንቢ።

"ሌባስ አንተ!"

የታናሹ እጅ በቀዳዳው ተወርውሮ የሸሚዙን ኮሌታ ያዘና ፊቱን ከጡቡ ጋር አላተመው። የቱንቢ አፍንጫ ተሰበረ። መዶሻውን አንስቶ የያዘውን እጅ አንጓው ላይ መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት። ታናሹ ግን አልለቀቀም፤ በሌላው እጁ መሮውን በቀዳዳው ሰደደውና የቱንቢ ትከሻ ላይ ተከለው። ቱንቢ ጮኸ፤ ከሥቃዩ ይልቅ ከንዴቱ። ጡብ እየነቀለ ወረወረ። ታናሹም ወረወረ። ቀዳዳው መስኮት አከለ፤ ይኼኔ በቀዳዳው ውስጥ ተናንቀው የአንዱ ደም በሌላው ፊት ላይ ይንጠባጠባል።

"የራሴን ነው የወሰድኩት!" አለ ታናሹ አፉ ደም ሞልቶ። "ሁለት ጣት! ሁለት ጣት ነው የነጠቃችሁኝ፣ አንተና አባትህ!"

"የኔ ነው ያነሰው!"

"የኔ ነው! አንተ ሥራ የዋልክ ቀን እማዬ በር ከፍታልኝ ለክቼዋለሁ! ያንተ ስልሳ አምስት፣ የኔ ስልሳ አንድ!"

"ዋሽተሃል! በመስኮቱ በኩል..."

"የምን መስኮት? በጓሮው በኩል ነው የለካሁት!"

የቱንቢ እጅ የታናሹ አንገት ላይ እንዳለ ቆመ። የታናሹም እጅ ቆመ። አንዱ በፊት፣ አንዱ በጓሮ። ሁለቱም አንድ አንድ ቦታ ብቻ ለክተዋል። ሌላ ሰው የሠራው ግንብ ቢሆን አምስት ቦታ ይለኩት ነበር፤ ጡብ የሚያቀብላቸው የቀን ሠራተኛ እንኳ ይህን ያውቃል። የአባታቸውን ግንብ ሁለት ቦታ መለካት ግን ለሁለቱም በሐሳባቸው አልመጣም፤ መቃብሩ ላይ እንደመትፋት ነበር የሚሆንባቸው።

"ግንቡ ጠማማ ነው" አለ ታናሹ ቀስ ብሎ።

እናትየው ከአልጋው ላይ ሆና ተናገረች። የሆነውን ሁሉ ስታይ ነበር። "አዎ፣ ጠማማ ነው" አለች። "ያን ግንብ ሲሠራ አንድ ዓይኑ በሞራ ጠፍቶ ነበር። በሌላውም ደብዛዛ ነው የሚያየው። እንዳልነግራችሁ አስምሎኛል። ጣታችሁን ሲሰብር የነበረው እኮ እሱም በደንብ ሳያይ ነው።"

ቱንቢ እጁን ከወንድሙ አንገት አነሳ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የተሸከመው ነገር ከላዩ ላይ ወርዶ እግሩ ሥር ሲሰባበር ተሰማው። አባቱ አላስበለጠም። ማንንም አላስበለጠም። አላየም እንጂ። ታናሹ ያን ፍርፍር የሚል ሳቁን ሳቀ፣ ቱንቢም ባልታሰበ ሁኔታ፣ በተሰበረ አፍንጫው፣ አብሮት ሳቀ።

ያን ጊዜ ነው ከላይ ቀጭን አቧራ እንደ ዱቄት የወረደው።

ሁለቱም ቀና አሉ። ሁለቱም ግንበኞች ናቸው፤ የሚሆነውን ለማወቅ መስማት አላስፈለጋቸውም። ከቀዳዳው በላይ ያለው ጡብ በአንድነት ተነቃነቀና ወረደ። የግንቡ መሃል ከወገብ በላይ ተደርምሶ አለቀ። የሁለቱ አግዳሚ ግንዶች መጋጠሚያ፣ ከነብሎኑ፣ ከነጣራው ክብደት፣ ቁልቁል ዘመመ። ሳያስቡት ሁለቱም ገብተው ትከሻቸውን ሰጡት፤ ቱንቢ በቀኝ፣ ታናሹ በግራ። ግንዱ ትከሻቸው ላይ ቆመ። ቆርቆሮው ጮኸ።

"እማዬ፣ ውጪ!" አለ ታናሹ።

የቱንቢ ሚስት ቢላዋን ጥላ በታናሹ በር በኩል በርራ ገባች። "እማማ፣ ይነሱ! ይነሱ እባክዎ!" በአማቷ ብብት ሥር ገብታ አነሳቻት። እናትየው ግን እግሯን ከአልጋው ሥር ሰዳ ትዳስሳለች።

"ጫማዬ የታለ?"

"የምን ጫማ ነው እማዬ!" ብለው ሁለቱ ልጆቿ እኩል ጮኹ።

"በባዶ እግሬ ሰው ፊት አልወጣም" አለች። አንዱን አገኘችው፣ አጠለቀችው። ሌላውን ምራቷ በእግሯ ገፍታ አመጣችላት። የግንዱ ቅርፊት በቱንቢ ትከሻ ላይ ቁስሉን እየበላ ይገባል፤ ደሙ በጎኑ ወርዶ ሱሪውን አጣበቀው። እናትየው ዱላዋን ፈልጋ፣ በምራቷ ላይ ተደግፋ፣ ከበሩ ወጥታ ደረጃው ሥር ቆመች። ሚስቱ፣ "ድጋፍ እንጨት! ሰው! ኧረ ሰው!" እያለች ወደ መንገድ ስትሮጥ ተሰማ። እሑድ ቀትር ነው፤ መንገዱ ጭር ብሏል።

ሁለቱ ቀሩ። ፊት ለፊት፣ መሃላቸው እስከ ወገብ የደረሰ ፍርስራሽ፣ አናታቸው ላይ ቤታቸው።

"ስንት ኪሎ ይሆናል?" አለ ታናሹ።

"አትጠይቀኝ። ካወቅኩት ይከብደኛል።"

ታናሹ ሊስቅ ፈለገ፣ ትንፋሽ አጣ። የተሰበረ እጁ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ በአንድ ትከሻና በአንድ እጅ ነው የተሸከመው። ቱንቢ ይህን ሁሉ አየ። እጁን የሰበረው እሱ ነው።

"ወንድም" አለ ታናሹ። ከልጅነታቸው ወዲህ እንዲህ ጠርቶት አያውቅም። "ሰው እስኪመጣ አልቆይም። አንድ ደቂቃ ነው ያለኝ።"

"እኔም።"

"አንዳችን ቀድሞ ከለቀቀ ሌላው ከሥሩ ይቀራል። እኩል ከለቀቅን ግን ግንዱ ለመውረድ ጊዜ ይወስዳል፣ ሁለታችንም በሩ ጋ እንደርሳለን። በሦስት እንልቀቅ።"

ሒሳቡ ትክክል ነበር። አንድ ላይ ከለቀቁት ግንዱ መጀመሪያ በመሃላቸው ባለው ጡብ ላይ ያርፋል፤ በሩ ደግሞ ለያንዳንዳቸው ሦስት እርምጃ ነው።

"ማን ይቁጠር?"

"አንተ ታላቅ ነህ፣ ቁጠር።"

"የለም፣ አንተ ቁጠር" አለ ቱንቢ። ለምን እንዳለ በዚያች ቅጽበት አያውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ፣ ከዚያም በኋላ በሕይወቱ ሙሉ ሲያስበው ግን ያውቀዋል። የሚቆጥር ሰው ቃሉን ለመጨረስ እዚያው ይቆማል።

"እሺ" አለ ታናሹ። ዓይኑን ዓይኑ ውስጥ አድርጎ አየው። ፊቱ ላይ ተንኮል አልነበረም። ቱንቢ ግን ዓመት ሙሉ የተንኮል ፊት ሲፈልግበት ኖሯል፣ አሁን ተንኮል እንደሌለ ማመን አቃተው። ይህ ልጅ በድብቅ ግንቤን የፈለፈለ ነው፣ አለ በልቡ። እኔ የማደርገውን ያደርጋል። በሁለት ይዘላል። የኔው ወንድም አይደል?

"አንድ" አለ ታናሹ።

ቆርቆሮው ተንሰፈሰፈ።

"ሁለት።"

የቱንቢ ትከሻ ወጣ። እግሩ እንዴት እንደተነሳ አላወቀም። ክብደቱ ከላዩ ሲነሳ እንደ ወፍ ቀለለው፤ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ እጁ የበሩን መቃን ያዘ። ከኋላው የታናሹ ድምፅ፣ ታፍኖ፣ ከጥርሱ መሃል፣ "ሦስት" አለ። ቃሉን ጨርሶታል። ከዚያ ቤቱ ወደቀ።

ሰው የተሰበሰበው ትንሽ ቆይቶ ነው። ቆርቆሮውን አነሱት፣ ግንዱን በስምንት ሰው ፈነቀሉት። ታናሹ ከነበረበት ቦታ አንዲት እርምጃ እንኳ አልተንቀሳቀሰም ነበር። ቱንቢ በተቆረጠ ጆሮው፣ በተሰበረ አፍንጫው፣ ጡብ በጥፍሩ እየቧጠጠ "ወንድሜ፣ ወንድሜ" ብሎ ጮኸ፤ ሲያወጡት የወንድሙን ራስ እቅፉ ውስጥ አድርጎ አቧራውን ከፀጉሩ አራገፈለት። የመጡት ሰዎች አለቀሱለት። ሚስቱ አላለቀሰችም። ሻንጣዋ ፍርስራሹ ውስጥ ነበር፤ እሱን ሳታወጣ፣ እንደቆመች መንገዱን ይዛ ሄደች።

እናትየው ደጅ ላይ ባመጡላት ወንበር ተቀምጣለች፣ ጫማዋን እንዳደረገች። ቱንቢ መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

"እማዬ፣ አብረን ነው የለቀቅነው" አለ። "እሱ እጁ ተሰብሮ ስለነበር ነው ያልደረሰው።"

እናትየው ዱላዋን ጉልበቷ ላይ አጋደመች።

"እኔ በሩ ጋ ነበርኩ" አለች። "ሲቆጥር ሰምቼዋለሁ። በሁለት ወጣህ።"

"እሱም በሁለት ይወጣል ብዬ ነው እማዬ።"

"እሱ አልወጣም" አለች እናቱ።